ምስል ለመቅረጽ መጀመሪያ ዘፈን፦ የህንድ ክላሲካል ዳንስ እንዴት ይነበባል?

አንድ የቆየ የህንድ ታሪክ አለ። ቫጅራ የሚባል ንጉሥ ማርካንዴያ ወደሚባል ጠቢብ ይሄድና «የአማልክትን ምስል መቅረጽ ያስተምሩኝ» ይላል። ጠቢቡም «ሥዕል ያላወቀ ሰው ምስል መቅረጽ አይሆንለትም» ይለዋል። «እሺ፣ ሥዕሉን ያስተምሩኝ።» «ውዝዋዜ ያላወቀ ሰው ሥዕል አይገባውም።» «እንግዲያው ውዝዋዜውን ያስተምሩኝ።» «የሙዚቃ መሣሪያ ያላወቀ ውዝዋዜ አይገባውም።» «መሣሪያውም ይሁን።» «ዘፈን ያላወቀ መሣሪያ አይገባውም።» ድንጋይ ሊጠርብ የመጣው ንጉሥ የዘፈን ተማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። በዚህም አላበቃም። ዘፈን ያለ ቃል አይሆንምና ትምህርቱ የሚጀምረው ከቋንቋና ከግጥም ምጣኔ ነው።

ታሪኩ የሚገኘው ቪሽኑዳርሞታራ ፑራና በሚባል መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ወደ ህንድ ዳንስ ለመግባት ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ካፒላ ቫትስያያን የሚባሉት ህንዳዊት ምሁርም ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ነው። ዛሬ ስለ እሳቸው ጥናት ላውራችሁ። ዳንሱን ለብቻው ነጥለን ስናየው ለምን እንደማይገባን ከእሳቸው የበለጠ ያስረዳኝ ሰው የለም። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መቼም የህንድ ዳንስ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ፊልሙ ነው። በሲኒማ ቤት፣ ኋላም በቪዲዮ ቤት፣ ቋንቋውን ሳንሰማ ዘፈኑን በቃላችን ይዘን ያደግን ብዙ ነን። የፊልሙ ዳንስ ከክላሲካሉ ብዙ ተበድሯል፤ እጁን፣ ዓይኑን፣ የእግር ቃጭሉን። ግን እሱ ራሱ ክላሲካሉ አይደለም። ሳንጊት ናታክ አካዳሚ የሚባለው የህንድ ብሔራዊ የሙዚቃ፣ የዳንስና የቴአትር ተቋም ክላሲካል ብሎ የሚቀበላቸው ዳንሶች 8 ናቸው፦ ከታሚል ናዱ ባራታናቲያም፣ ከሰሜን ህንድ ካታክ፣ ከኬራላ ካታካሊና ሞሂኒያታም፣ ከአንድራ ኩቺፑዲ፣ ከኦዲሻ ኦዲሲ፣ ከማኒፑር ማኒፑሪ፣ ከአሳም ሳትሪያ። የመጨረሻዋ ሳትሪያ ዕውቅናውን ያገኘችው በ2000 ነው። ልብሳቸው፣ ቋንቋቸው፣ ሙዚቃቸው የተለያየ ነው። ታዲያ አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የካፒላ ጥያቄ ይሄ ነበር።

ካፒላ የተወለዱት በ1928 ነው። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፣ አሜሪካ ሄደው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ጨመሩ፣ ተመልሰው ደግሞ በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ለእኔ ግን ከዲግሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው መደነሳቸው ነው። ካታክን ከአቻን ማሃራጅ ተምረዋል፤ እኚህ ሰው የሉክኖው ካታክ ትልቅ መምህር፣ የታዋቂው የቢርጁ ማሃራጅ አባት ናቸው። ባራታናቲያምና ማኒፑሪንም ከየባለሙያው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። ስለዚህ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የህንድ የጽሑፍ ቋንቋ፣ የተጻፈ የቆየ መጽሐፍ «ጉልበት እንዲህ ይታጠፍ» ሲል ካፒላ ነገሩን በጉልበታቸው ያውቁታል። ከእሳቸው በፊት ብዙ ምሁር መጽሐፉን ያነብ ነበር፤ ብዙ ዳንሰኛም ይደንስ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሰውነት ይዞ የተገኘ ግን ጥቂት ነው።

በ1968 የታተመው ትልቁ ሥራቸው የህንድን ክላሲካል ዳንስ ከሥነ ጽሑፍና ከሌሎቹ ጥበባት ጋር አጎራብቶ ያየ ነው። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው፣ ሲሠራ ግን ዕድሜ ይበላል። አንድ በኩል የቆዩት የጥበብ መመሪያዎች፣ ሌላ በኩል ግጥምና ድራማው፣ ሌላ በኩል በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተጠረቡት ዳንሰኞች፣ ሌላ በኩል ሙዚቃው ይቀመጣሉ። ከዚያ አንዱ የሚለውን ሌላው ይለው እንደሆነ እየተያየ ይመረመራል። ካፒላ የደረሱበት ነገር አራቱም የሚናገሩት በአንድ ሰዋስው መሆኑን ነው።

የሰዋስው መጽሐፉ ደግሞ አለ። ናትያሻስትራ ይባላል፤ ባራታ የሚባል ጠቢብ እንደጻፈው ይነገራል። ብዙዎቹ ምሁራን ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 እና በኋላ 200 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጡታል። 36 ያህል ምዕራፎች አሉት። የቴአትር አዳራሽ አሠራር፣ የተዋናይ ቀለም አቀባብ፣ የዜማ ድምፆች፣ የግጥም ዓይነቶች፣ የዳንስ እንቅስቃሴዎች፣ ሁሉም በአንድ መጽሐፍ ነው። ሰውነትን እንደ ፊደል ገበታ ይዘረዝረዋል። ለጭንቅላት 13 እንቅስቃሴ፣ ለዓይን 36 አስተያየት፣ ለቅንድብ ብቻ 7! መጀመሪያ ሳየው ይሄ ሁሉ ዝርዝር ለምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ፊደል ከሌለ ቃል የለም፣ ቃል ከሌለም ግጥም የለም።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ከወንበራችሁ ተነሱ። ተረከዛችሁን አገናኙ፣ የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። አሁን ጀርባችሁ እንደቆመ፣ ጉልበታችሁን ወደ ጎን እየከፈታችሁ ግማሽ ድረስ ቁጭ በሉ። ይሄ በባራታናቲያም አራይማንዲ ይባላል፤ በታሚል ግማሽ መቀመጥ እንደማለት ነው። አሁን እጆቻችሁን በትከሻ ልክ ወደ ጎን ዘርጉ። በመስታወት ብታዩት ሰውነታችሁ ብዙ ሦስት ማዕዘን ሆኗል፦ ከዳሌ እስከ ጉልበቶቹ አንድ፣ ከጉልበቶቹ ወደ ተረከዝ አንድ። ጭናችሁ መቃጠል ሲጀምር ደግሞ ዳንሰኛዋ በዚህ አቋቋም ላይ ሆና እግሯን እየመታች፣ ፊቷም ድካም ሳያሳይ፣ አንዱን ትልቅ ድርሰት ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ልትሠራው እንደምትችል አስቡ።

ካፒላ እያንዳንዱን ዳንስ በዚህ መንገድ በቅርጽ አነበቡት። ባራታናቲያም ሦስት ማዕዘን ነው። ካታካሊ አራት ማዕዘን፤ እግሩ ሰፊ፣ የሰውነቱ ክብደት በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ያረፈ። ካታክ ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር ነው፤ ዳንሰኛዋ በዚያ መስመር ላይ ትሾራለች። ማኒፑሪ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ይፈስሳል፣ ማዕዘን የሚባል ነገር የለበትም። ኦዲሲ ደግሞ ጭንቅላት ወደ አንድ ወገን፣ ደረት ወደ ሌላው፣ ዳሌ መልሶ ወደ መጀመሪያው የሚያዘነብልበት ትሪባንጋ አለው፤ ሦስት እጥፋት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያምረው። ትሪባንጋ የዳንስ ቃል ብቻ አይደለም። የድንጋይ ቀራጩም ምስል ሲሠራ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ ክር ወርዷል ብሎ ያስባል፣ ከዚያ የሰውነቱ ክፍሎች ከክሩ ምን ያህል እንደሚርቁ ይለካል። በኦዲሻ ኮናርክ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ከበሮ መቺና ዳንሰኛ ሴቶች ብታዩ በዚያው እጥፋት ነው የቆሙት። ኦዲሲ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ አዲስ ሲደራጅም መምህራኑ እነዚህን ድንጋዮች አይተዋል፤ በቤተ መቅደስ ይደንሱ የነበሩትን ሴቶችና ጎቲፑዋ የሚባሉትን ደናሽ ወንድ ልጆች ጠይቀዋል፣ የቆዩ ጽሑፎችንም አገላብጠዋል።

ካፒላ ያስተዋሉት ሌላም ነገር አለ። የህንድ ቀራጭም ሆነ ዳንሰኛ የሚያስበው በመገጣጠሚያ ነው እንጂ በጡንቻ አይደለም። ለዚህ ነው የህንድ ምስሎች ጡንቻቸው ተለይቶ የማይወጣው፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ወገብ፣ ጉልበት የት ላይ እንደታጠፉ ግን በግልጽ ይነግሯችኋል። ታላ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በሙዚቃ ታላ ማለት የምት ዑደት ነው፤ 8 ምት፣ 16 ምት እያለ ይሄዳል። በቅርጻ ቅርጽ ደግሞ ታላ የርዝመት መለኪያ ነው፤ ከፀጉር መነሻ እስከ አገጭ ያለው የፊት ርዝመት። የአምላክ ምስል በብዙ መመሪያ 9 ወይም 10 ታላ ይረዝማል። አንድ ቃል ጊዜንም ድንጋይንም ይለካል ማለት ነው። ንጉሥ ቫጅራ ለምን ዘፈን እንዲማር እንደተነገረው አሁን ትንሽ አይገባም?

ወደ እጅ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። «ይሄ የእጅ ምልክት ምን ማለት ነው?» ይባላል። መልሱ እንደ መዝገበ ቃላት አይደለም። ፓታካን እንውሰድ፤ ባንዲራ ማለት ነው። አራቱ ጣቶች ተጠጋግተው ይዘረጋሉ፣ አውራ ጣት ታጥፎ ከጎን ይለጠፋል። በቃ። ይሄው እጅ ከፍ ብሎ ሲንቀሳቀስ ደመና ይሆናል፣ ዝቅ ብሎ ሲርገበገብ ወንዝ ወይም ማዕበል፣ ፊት ለፊት ሲቆም «ተው!» ይሆናል። ምን እንደሆነ የሚወስነው የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚሄድ፣ የዳንሰኛዋ ዓይን ወዴት እንደሚያይ፣ ዘፋኙም ምን እያለ እንደሆነ ነው። ዳንሰኞች በቃላቸው የሚይዙት የቆየ ስንኝ አለ፤ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ እጅ ወደሄደበት ዓይን ይሄዳል፣ ዓይን ወደሄደበት ልብ ይሄዳል፣ ልብ ባለበት ስሜት ይመጣል፣ ስሜት ባለበት ራሳ ይወለዳል።

ራሳ። ይቺ ቃል ካልገባችን ምንም አልገባንም ማለት ይቻላል። ቃል በቃል ጭማቂ ወይም ጣዕም ማለት ነው። ናትያሻስትራ ራሱ ሲያስረዳ ወደ ማድቤት ይሄዳል፤ ቅመሙ፣ ቅጠሉ፣ ሌላው ግብዓት ተቀላቅሎ አዲስ ጣዕም እንደሚፈጥር፣ ስሜቶችም ተቀላቅለው ራሳን ይፈጥራሉ ይላል። በእኛው ድስት እናስበው። ሽንኩርት አለ፣ በርበሬ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ኮረሪማ አለ። ዶሮ ወጥ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፣ ሲደመሩም ድምራቸው ብቻ አይደለም። ደግሞም ጣዕሙ ያለው በሚበላው ሰው አፍ ውስጥ ነው። ራሳም እንዲሁ፣ ያለው በተመልካቹ ውስጥ ነው። ዳንሰኛዋ ማዘን የለባትም፤ ሐዘን በእናንተ ውስጥ እንዲበስል ማድረግ ነው ሥራዋ። መጽሐፉ 8 ራሳዎችን ይቆጥራል፦ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መደነቅ። በ1000 ዓ.ም. አካባቢ የኖረው የካሽሚሩ ፈላስፋ አቢናቫጉፕታ ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ባደረገው ሰፊ ትርጓሜ ዘጠነኛውን፣ የጸጥታና የሰላም ራሳን፣ ከሌሎቹ ሁሉ ሥር ያለ አድርጎ አስረዳ።

ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠራ ለማየት ጊታ ጎቪንዳን የመሰለ ነገር የለም። ጃያዴቫ የሚባል ገጣሚ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሳንስክሪት የጻፈው የአምላኩ የክሪሽናና የወዳጁ የራዳ የፍቅር ግጥም ነው፤ 12 ክፍልና 24 ዘፈን አለው። በኦዲሻ ፑሪ ከተማ በሚገኘው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ለዘመናት ተዘምሯል፤ በ1499 በድንጋይ የተቀረጸ የንጉሥ ትእዛዝ እዚያ የሚዘመረውና የሚደነሰው እሱ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በሰሜን ህንድ ተራሮች ያሉ ሠዓሊዎች ደግሞ ግጥሙን ገጽ በገጽ ሣሉት። ካፒላ እነዚህን የሥዕል መጻሕፍት ከየአካባቢው እየሰበሰቡ ለብዙ ዓመት አጥንተዋል፤ አንድ ስንኝ ዜማ ሲሆን፣ ሥዕል ሲሆን፣ ዳንስ ሲሆን ምን እንደሚተርፈውና ምን እንደሚጨመርበት ለማየት።

ከዘፈኖቹ አንዱ እንዲህ ነው። ራዳ ሌሊቱን ሙሉ ክሪሽናን ስትጠብቅ አድራለች። ጠዋት ይመጣል። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ከንፈሩ ላይ ኩል አለ፤ የሌላ ሴት ዓይን ሲስም የቀረበት ኩል። ራዳ «ሂድ፣ ውሸትህን አታውራልኝ» ትለዋለች። ግጥሙ ላይ አንድ መስመር ነው። ዘፋኙ ግን መስመሩን ደጋግሞ ይዘፍነዋል፣ ዳንሰኛዋም በየድግግሞሹ ሌላ ነገር ታደርገዋለች። አንድ ጊዜ እጇ በሩን ያሳየዋል። ቀጥሎ በጣቷ ከንፈሩን ትጠቁምና ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች። ቀጥሎ ሌሊቱን ታስታውሳለች፤ ደጁን እያየች፣ ኮሽታ በሰማች ቁጥር ብድግ እያለች፣ መብራቱ እየደከመ። ከዚያ «ሂድ» ትላለች፣ ግን ገና ሳይሄድ እጇ በትንሹ ወደ እሱ ይዘረጋል። ይህ በስሜት የመተረክ ጥበብ አቢናያ ይባላል። ታሪክ የሌለው፣ ምትና ቅርጽ ብቻ የሆነው ዳንስ ደግሞ ኒሪታ ነው። አንድ የባራታናቲያም ዝግጅት በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ይሄዳል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመለስ፤ እኔን በጣም የሚይዘኝ ክፍል ይሄ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት አትቆጡኝ። ናትያሻስትራ 108 ካራናዎችን ይዘረዝራል። ካራና ማለት እጅና እግር ተቀናጅተው የሚሠሩት አንድ የዳንስ ክፍል ነው፤ እንደ ቃል ቁጠሩት። ችግሩ፣ በጽሑፍ ብቻ የተቀመጠ እንቅስቃሴን መልሶ መደነስ ከባድ ነው። «እጅ ወደ ደረት፣ እግር ወደ ላይ» ይላል፤ ግን በየት በኩል? በምን ፍጥነት? እዚህ ላይ ቤተ መቅደሶቹ ደረሱ። በታሚል ናዱ ቺዳምባራም በሚገኘው የናታራጃ፣ የደናሹ አምላክ የሺቫ፣ ቤተ መቅደስ ትላልቅ በሮች ውስጥ 108ቱም ተቀርጸዋል፤ ከምስሎቹም ሥር የናትያሻስትራው ስንኝ የተጻፈበት አለ። ድንጋይ ላይ የተሠራ ሥዕላዊ መዝገበ ቃላት ማለት ነው። በታንጃቩር ደግሞ በ1010 አካባቢ ንጉሥ ራጃራጃ ቾላ ባስጨረሰው ታላቅ ቤተ መቅደስ ላይኛው ፎቅ፣ ራሱ ሺቫ በአራት እጁ 81 ካራናዎችን ይደንሳል። የቀሩት 27 ድንጋዮች ቦታቸውን ይዘው ባዶ ናቸው። ቀራጮቹ ለምን እንዳቆሙ የሚናገር ጽሑፍ የለም።

ምሁራኑ የተከራከሩት ግን በተቀረጹት ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ካራናን እንደ አንድ የቆመ አቋም ያይ ነበር፤ ድንጋዩ አይንቀሳቀስምና። በዚሁ ርዕስ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ዳንሰኛ ፓድማ ሱብራማንያም ግን ጽሑፉንና ምስሎቹን እያመሳከሩ ካራና እንቅስቃሴ ነው አሉ። ቀራጩ የያዘው ከእንቅስቃሴው አንዷን ቅጽበት ነው፤ በአንዱ ቤተ መቅደስ መነሻውን፣ በሌላው መሐሉን፣ በሌላው መድረሻውን። ስለዚህ የአንዱን ካራና ምስል ከተለያዩ ቦታዎች ደርድረህ ስታየው እንቅስቃሴው ብቅ ይላል። ይሄን ክርክር ዳንስ በማያውቅ ሰው ልትፈታው አትችልም። ድንጋዩን የሚያነብ እግር ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እሱን ዘልዬ ብሄድ ታማኝ አልሆንም። መጽሐፍና ድንጋይ ብቻ ስናይ ዳንሱ ከጥንት እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ የመጣ ይመስላል። እውነቱ ግን ይህን ጥበብ በሰውነታቸው ያቆዩት በአብዛኛው ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። በደቡብ ህንድ ዴቫዳሲ ይባሉ ነበር፤ ለቤተ መቅደስ የተሰጡ፣ ዘፈንና ዳንስ ከእናት ወደ ልጅ የሚያወርሱ። ዳንሳቸውም ሳዲር ነበር የሚባለው፤ ባራታናቲያም የሚለው ስም የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በእነዚህ ሴቶች ላይ ዘመቻ ተነሳ፣ በ1947 በደቡብ ህንድ በማድራስ ግዛት የወጣ ሕግ ሴቶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን ከለከለ። ብዝበዛ እንደነበረበት አልክድም። ግን በዚያው ሰሞን የተማሩና የተከበሩ ቤተሰቦች ልጆች ዳንሱን ተረከቡት፤ ሩክሚኒ ዴቪ በ1936 ካላክሼትራ የሚባለውን ትምህርት ቤት ማድራስ ላይ ከፈቱ፣ ዳንሱም ክብር አገኘ። ባለቤቶቹ ግን ከመድረኩ ወረዱ። ከእነሱ ወገን ሆነው በመድረኩ ላይ የጸኑት ባላሳራስዋቲ (1918–1984) የፍቅር ራሳ እንደ ነውር ታይቶ እንዲገፋ የሚፈልጉትን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ የዳንሱ እምብርት እሱ ነው ብለው።

ካፒላ በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት የገጠሩንና የሕዝቡን ዳንስና ቴአትርም አጥንተዋል፤ ክላሲካሉና የሕዝቡ አንዱ ከሌላው ሲበዳደሩ እንደኖሩም አሳይተዋል። እስከ 2020 ህልፈታቸው ድረስ አልቦዘኑም፤ በዴልሂ የሚገኘውን የኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ የጥበባት ማዕከልም መሥራች ዳይሬክተር ሆነው አቋቁመዋል። እኔ ሥራቸውን እጅግ አከብራለሁ፣ ጥበባቱ በአንድ ሰዋስው ይናገራሉ ማለታቸውም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሰዋስው ብቻውን አይናገርም፣ ተናጋሪ ይፈልጋል። የተናጋሪዎቹ ታሪክ በእሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ካለው በላይ ቦታ ይገባው ነበር።

ለማየት ለምትፈልጉ፣ ከኢንተርኔት አንድ የባራታናቲያም ቪዲዮ ከፍታችሁ መጀመሪያ የዳንሰኛዋን ጉልበት ብቻ እዩ፤ ግማሽ መቀመጧን ትለቃለች ወይ? ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እግሯንና ከበሮውን ስሙ። ቃጭሉ ከምቱ ጋር ሲገጥም፣ ሆን ብሎ ሲቀድመው፣ ተመልሶ አንደኛዋ ምት ላይ ሲያርፍ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ በኋላ የራዳን ዘፈን በኦዲሲ ፈልጉ። ቋንቋውን ባትሰሙም ግድ የለም፤ «ሂድ» የምትልበትን ቦታ አታጡትም። እጇ በሩን ሲያሳይ ዓይኗ ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ።